ኮት የለበሰው ተሳፋሪ

ወሎ ሰፈር ታክሲ የሚይዝ ሰው ሁሉ የገብረዋሕድን አንድ አመል ያውቃል፤ ሒሳብ በእጁ አይቀበልም። ተሳፋሪው ብሩን ሲዘረጋለት ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞርና «እዚያ አስቀምጠው» ይላል። እዚያ ማለት ከመሪው ፊት ለፊት ሚስቱ የሠራችው ዳንቴል የተነጠፈበት ቦታ ነው። መልስ ካለም ተሳፋሪው ራሱ ያነሳል። ስለዚህ አመሉ ሰው ያላለው የለም። ኩራት ነው ያሉ አሉ፤ ስለት ነው ያሉም አሉ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴማ «እጄ ሸቶት ነው» ብላ ተቀይማው፣ ሁለተኛ እሱ ታክሲ ውስጥ እግሬን አላስገባም ብላ ምላለች። ነገሩ ኩራትም፣ ስለትም፣ ሽታም አይደለም። አንድ እሑድ ቀን የተቀበለው ሒሳብ ነው እጁን ያስጠላው።

ገብረዋሕድ የአዲግራት ሰው ነው። አዲስ አበባ የገባው በንጉሡ ጊዜ፣ ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ነበር። ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲያጥብ፣ ዘይት ሲቀይር፣ የሰው ትዕዛዝ ሲሠራ ኖሮ ቀስ በቀስ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አብዮቱ ሲፈነዳ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ አንድ ጣሊያን ሰይቼንቶ የምትባል አሮጌ ትንሽ ፊያቱን በርካሽ ሲጥላት፣ ገብረዋሕድ አነሳት። ግማሿን ሰማያዊ፣ ግማሿን ነጭ ቀባና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ታክሲ ተራ ገባ። ሌላው ሰው ዘመኑን በሹመትና በስብሰባ ሲቆጥር፣ እሱ በጎማና በፍሬን ሸራ ይቆጥር ነበር።

ሰይቼንቶ ሞተሯ ከኋላ ነው። የገብረዋሕዷ ደግሞ አንድ በሽታ ነበረባት። ሙቀት ሲበዛባት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይነክስና ቁልፉን ቢያዞሩት ጭጭ ትላለች። አዲስ ሞተሪኖ በዚያ ዘመን በገንዘብም በልመናም አይገኝም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነበር፤ አንዱ ከኋላ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሪኖውን በመፍቻ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርግ፣ ሌላው ከፊት ቁልፉን ማዞር ነው። ከኋላ የሚመታው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ልጁ ፍስሃ ነበር። ገብረዋሕድ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ በሩን በመዳፉ ሁለቴ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል፤ ልጁ ያለበትን ጥሎ ዱብ ይላል፣ ከወንበሩ ሥር መፍቻውን ይመዛል፣ ከኋላ ይደርሳል። አባትና ልጅ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። መዳፍና በር ይበቃቸው ነበር።

ሚስቱ ትርሓስ ሦስት ወልዳ ሁለቱን በኩፍኝ ቀብራለች። የቀራት ፍስሃ ነው። ፍስሃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ደግሞ በክፉ ጊዜ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ጦርነቱ በሰሜን እየገፋ መጥቶ መንግሥት ወጣት ያለበትን ሁሉ ማሽተት የጀመረበት ዓመት ነበር። ኳስ ሜዳ የሄደ አይመለስም። ከቤተ ክርስቲያን በር የታፈሰ አለ፤ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዳቦውን እንደያዘ የተጫነ አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቀ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ልጇን እንደ ኮንትሮባንድ ጨርቅ ከጓዳ ጓዳ ስታዟዙር ትውላለች። ለትርሓስና ለገብረዋሕድ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነበር። የሚላክበት ግንባር አያቶቹ ያሉበት አገር ነው፤ ከፊቱ የሚቆመው የአጎቱ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ገብረዋሕድ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። አፋሾቹ የሚይዙት እግረኛውን፣ የከተማ አውቶብስ ተሳፋሪውን፣ ውይይት ታክሲ ላይ የተፋፈገውን ነው። ታክሲ ለብቻው በኮንትራት ይዞ፣ ኮት ለብሶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠውን ሰው ማንም አይነካም። ማን እንደሆነ አይታወቅማ! ካድሬ ይሆን፣ የካድሬ ወንድም ይሆን ማን ያውቃል? ስለዚህ በየማለዳው የራሱን የክት ኮት ለልጁ ያለብሰዋል፣ ውስጥ ኪሱ አንዲት ሃምሳ ብር ያኖርለታል፣ እንደ ደንበኛ ከኋላ ያስቀምጠውና ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ወዳለው የወዳጁ ጋራዥ ይወስደዋል። ፍስሃ እዚያ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ሳይወጣ ሲሠራ ይውላል፤ ሲመሽ በዚያው ዓይነት ይመለሳል። ሃምሳ ብሯ የይስሙላ ናት፤ በባዶ ኪስ ደንበኛ አይባልም ብሎ ነው ገብረዋሕድ።

መጀመሪያ ሰሞን ልጁ ይፈራ ነበር። በኋላ ለመደና ይቀልድ ጀመር። «ሹፌር፣ መንገዱን ታውቀዋለህ?» ይለዋል ከኋላ ሆኖ ድምፁን ጎርነን አድርጎ። «ይኼ ጉድጓድ አይታይህም? የሰው ወገብ እኮ ነው።» ገብረዋሕድ ሳቁን ለመዋጥ ይጨነቃል። ቢያዙ የሚሉትን ግን በቀልድ አልነበረም የሚለማመዱት። ልጁ፣ ሰውዬውን አላውቃቸውም፣ ከቦሌ ነው የያዝኳቸው ይላል። አባት፣ ደንበኛዬ ነው ይላል። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ልጁን የሸሸገ አባት ይታሰራል፣ መኪናው ይወረሳል። አንደበቱ ትግሬነቱን የሚያሳብቅበት አባት ሲሆን ደግሞ፣ ልጁን ለወንበዴ ሊያደርስ ነበር ለማለት ማንም ምስክር አይፈልግም።

ሚያዝያ ላይ ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመረ። ጋራዡም ተፈተሸ፤ ፍስሃ ዘይት በርሜል ጀርባ ተጣጥፎ ለጥቂት ተረፈ። ከዚህ በኋላ ወሎ ሰፈር የሚያስቀምጥ አልሆነም። የትርሓስ እኅት አስመረት ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ባለው የመንግሥት መዝናኛ ሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። የምትኖረው ሆቴሉ ግቢ ውስጥ በሠራተኞች መኖሪያ ነው። ሆቴሉ ፈረንጅና ባለሥልጣን የሚዝናናበት ስለሆነ እዚያ ግቢ አፈሳ የሚባል ነገር አይገባም። አስመረት ልጁን አምጡልኝ፣ አንድ ፍራሽ አላጣለትም ብላ ላከች። የቀረው ማድረስ ብቻ ነበር፤ ለማድረስ ደግሞ ከቃሊቲ ወጣ ብሎ ያለውን ኬላ ማለፍ ግድ ነው።

እዚህ ላይ የሆቴሉ ነገር ይመጣል። ያ ሆቴል ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእንግዶቹ አንድ ነጭ አውቶብስ መድቦ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሐይቁ ድረስ በነፃ ማመላለስ ጀምሮ ነበር። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አውቶብሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። እነ ገብረዋሕድ ደግሞ ከአጥሩ ውጪ ተራ ይዘው ፀሐይ ይመታቸዋል። የደብረ ዘይት ኮንትራት ማለት ለእነሱ የሳምንቱ እንጀራ ነበር። እሱ ሲቀር የቀራቸው ከቦሌ እስከ ስታዲየም ማመላለስና የኩፖን ቤንዚናቸውን መቁጠር ሆነ። ይባስ ብሎ የአውቶብሱ ሹፌር ሆኖ የተቀጠረው ከራሳቸው መሐል የወጣው መኩሪያ ነው። ከገብረዋሕድ ጋር አንድ ጋራዥ መኪና አጥበው ያደጉ፣ አበልጅ የሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ መኩሪያ የፍስሃ ክርስትና አባት ነው። ታክሲውን ሽጦ የደመወዝ ሰው ሲሆን፣ ከገብረዋሕድ በላይ የተቆጣ የለም።

ሹፌሮቹ ተሰብስበው ማዕቀብ ሲጥሉ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ገብረዋሕድ ነበር። መኩሪያን ማንም ሰላም እንዳይል፤ ከባለታክሲ ቤት አንድ ሰው የዚያን አውቶብስ ደረጃ የረገጠ እንደሆነ፣ የባለታክሲው ተራ ይሰረዝ። ሁሉም እጁን አወጣ። የገብረዋሕድ እጅ ከሁሉ ከፍ ብላ ነበር።

ከማዕቀቡ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለሹፌሮቹ አልተናገረውም። በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ሐዱሽ እህል ይታደላል ሲባል ከገጠር ወደ ከተማ ወርዶ ነበር። አንድ ትልቅ መኪና መጣና እህል ወዳለበት አገር በነፃ እናድርሳችሁ አሉት። ሐዱሽም የነፃ ነው ብሎ ተሳፈረ። ያደረሱት ጋምቤላ ነው። ልቀቁኝ ቢልም የሚሰማው አላገኘም፤ ዓመት ሳይሞላው ወባ በላው። መርዶው ከደረሰ ወዲህ ገብረዋሕድ ነፃ የሚባል ነገር አያምንም። ከፍለህ የተሳፈርክበት መኪና በፈለግክበት ቦታ ያወርድሃል፤ በነፃ የጫነህ ግን ያሻው ቦታ ይወስድሃል፣ ይላል። ማን ይፈርድበታል?

ቅዳሜ ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። ትርሓስ ስትከፍት መኩሪያ ነው። አስመረት ሆቴሉ ውስጥ ነገሩን ነግራው ኖሮ፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ እያለ እግሩን አንስቶ መጣ። ትርሓስ የምታደርገው ጠፋት፤ ቁጭ በል እንዳትለው ባሏን ፈራች፣ ሂድ እንዳትለው የልጇ ክርስትና አባት ነው። መኩሪያም አልተቀመጠም። በሩ ላይ እንደቆመ ነገሩን ባጭሩ አስረዳ። የእሱ አውቶብስ ኬላ ላይ አይፈተሽም። እሑድ እሑድ የሚጭነው ፈረንጅና የትልልቅ ሰዎች ቤተሰብ ስለሆነ ወታደሮቹ ሲያዩት ገመዱን ያወርዳሉ፤ መንገድ ላይ አስቁመውት አያውቁም። ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሦስተኛው ወንበር በመስኮቱ በኩል ቢቀመጥ፣ ፍስሃ የማንም ልጅ ይመስላል።

«ልጁን ስጠኝ፣ ገብሬ» አለው መጨረሻ ላይ። «ለእኔም ልጄ ነው።»

ገብረዋሕድ ራሱን ቀና አድርጎ፣ «እኔ ልጄን በነፃ አላስጭንም» አለው። «ወንድሜን የጫኑት በነፃ ነው።»

መኩሪያ፣ ለሁሉም ያቺን ወንበር እይዝለታለሁ ብሎ ለትርሓስ ነግሯት ወጣ። ከዚያ በኋላ ትርሓስ ያልለመነችው ልመና የለም። ስለ ተራው ነው ወይ አለችው፤ ተራው ገደል ይግባ አለችው። ስለ ተራው አይደለም አላት፤ ግማሹ እውነት ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ከፍ ብላ የወጣች እጅም ትዝ ብላዋለች። ነገ በሹፌሮች ሁሉ ፊት ልጁ ያንን ደረጃ ሲወጣ፣ እሱ ደግሞ ተራው ውስጥ ቆሞ ሲያይ ታየው። ደግሞስ ኮቱ እስከ ዛሬ መቼ አሳፍሮት ያውቃል? ስንት ወር ሙሉ አፋሽ ፊት አልፈዋል! እንዲያ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲነሳ ማስረጃ አያጣም።

እሑድ ማለዳ፣ አውቶብሱ ከመነሳቱ ቀድመው ወጡ። ፍስሃ ኮቱን ለብሷል፣ የጋራዡን ባለቤት ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ እናቱ ጠረን እንዲይዝ ሽቶ ነገር ረጭታበታለች። ስትስመው ቶሎ አልለቀቀችውም። ገብረዋሕድ ጥሩምባውን ነፋ።

ጎተራን አልፈው ቃሊቲ እስኪደርሱ መንገዱ ሰላም ነበር። ልጁ እንደ ልማዱ አንድ ሁለት ጊዜ ሹፌር ብሎ ተቆጣው፤ አባት ግን ያን ቀን ሳቁ አልመጣለትም። ኬላው ላይ የመኪና ሰልፍ ነበር። መንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር አንድ ወታደራዊ ካሚዮን ቆሟል፤ ላዩ ላይ ወጣቶች ጭንቅላታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሰልፉ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ፀሐዩ እየከረረ ይመጣል፣ ሰይቼንቶዋ እየጋለች ነው። ገብረዋሕድ የሙቀት መለኪያውን አላየም፤ የሚያየው ካሚዮኑን ነበር።

ተራቸው ሲደርስ አንድ ሹራብ የለበሰ፣ ፊቱ የከሳ አሥር አለቃ ጎንበስ አለና ሞተር አጥፋ አለው። አጠፋ። አሥር አለቃው ወደ ኋላ አይቶ ወዴት ነው አለ፤ ፍስሃ መነጽሩን ሳያወልቅ ሐይቁ ሆቴል አለ። ለምን ጉዳይ? ለመዝናናት። ሹፌሩን ታውቀዋለህ? ኮንትራት ነው የያዝኩት። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አሥር አለቃው ኮቱን አየ፣ የተነባበረውን እግር አየ፣ ከዚያ እጁን አወዛወዘና እለፉ አለ። ገመዱን የያዘው ወታደር አወረደው። ገብረዋሕድ ቁልፉን አዞረ።

ጭጭ።

ደግሞ አዞረ። ሞተሪኖው ነክሷል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ማስጮህ ጀመሩ፤ ገመዱን የያዘው ወታደር ቶሎ በል አለ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ገብረዋሕድ አያውቀውም፣ እጁ ነው የሚያውቀው። ግራ እጁ በመስኮት ወጣችና በሩን በመዳፏ ሁለቴ ጠፍ ጠፍ አደረገች።

ፍስሃም አላሰበም። ዘይት እንዳይነካው እናቱ እንዳስለመደችው ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ፤ ከአባቱ ወንበር ሥር መፍቻውን መዘዘና ዱብ አለ። ክዳኑ ተከፈተ፣ ሞተሪኖው ሁለቴ ተመታ፣ ቁልፉ ዞረ፣ መኪናዋ ተነሳች። ሁሉም ነገር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አልፈጀም። ልጁ ክዳኑን ዘግቶ እጁን በሱሪው ሲጠርግ ነው ቀና ብሎ በስፖኪዮው ውስጥ የአባቱን ፊት ያየው። ያኔ ለሁለቱም እኩል ገባቸው።

«ደንበኛው መካኒክ ነው እንዴ?» አለ አሥር አለቃው። ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ሞተር አጥፋ አለና ወደ ልጁ ተጠጋ። ኮቱ ሲወልቅ የቀረው ሸሚዙ የሰፋው፣ አንገቱ የቀጠነ ልጅ ነበር። ዕድሜውን ጠየቀው፤ ፍስሃ ሃያ ስድስት አለ።

«ኮቱን ስትለብስ ነው ሃያ ስድስት?» አለው አሥር አለቃው። መነጽሩን በጣቱ ዝቅ አድርጎ ዓይኑን አየው። መፍቻው ያለበትን በምን እንዳወቀ ጠየቀው። ፍስሃ፣ ጋራዥ ሠርቻለሁ፣ የሰይቼንቶ ሰው ሁሉ መፍቻውን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው አለ። የብሔራዊ ውትድርና ወረቀት ጠየቀው። ወረቀት የለም። አሥር አለቃው አንገቱን ወደ ካሚዮኑ ቀለስ አደረገ፤ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው እኛ የቸገረን አለ።

ገብረዋሕድ ከመኪናው ወርዶ ነበር። እንዴት እንደወረደ አላወቀም። አፉ ተከፍቷል፤ ልጄ ነው የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሷል። አሥር አለቃውም ፊቱን አይቶ አንተስ ታውቀዋለህ ወይ አለው። ገብረዋሕድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ልጁ ቀደመው፤ ሰውዬውን አላውቃቸውም፣ ከቦሌ ነው የያዝኳቸው አለ፣ እንደተለማመዱት ሳይጨምር ሳይቀንስ። ይህን ሲል አባቱን ትክ ብሎ እያየው ነበር። እንዳትናገር የሚል ዓይን ነው። ሁለታችንም ከምንጠፋ እማማ አንዱ ይትረፍላት የሚል ዓይን ነው። አባት ያንን ዓይን አይቶ ቃሉን መልሶ ዋጠው።

«ደንበኛዬ ነው» አለ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ገብረዋሕድ ምናልባት እንደሌላው አባት ያለቅስ ነበር። ግን አሥር አለቃው የድሃ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ የለፋ ሰው ዋጋው ሲቀር አይወድም። ልጁን ወደ ካሚዮኑ ሊወስደው የነበረውን ወታደር ቆይ አለው።

«ሒሳቡን ክፈለው» አለ ለፍስሃ። «የድሃ ሹፌር ገንዘብ በልቶ የሚመጣ ወታደር አልፈልግም። ይኼ ሰውዬ ቤንዚን አቃጥሏል።»

ፍስሃ ወደ መኪናው ሄደ። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ፣ ከውስጥ ኪሱ ያቺን ሃምሳ ብር አወጣ፤ ኮቱን አራግፎ አጥፎ መልሶ አስቀመጠው። መጥቶ አባቱ ፊት ቆመ። ብሩን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«ይቀበሉኝ፣ ጋሼ» አለው። «መልሱ ይቅር። ለባለቤትዎ የሆነ ነገር ይግዙበት።»

ገብረዋሕድ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጣታቸው ተነካካ፤ የልጁ እጅ ከሞተሪኖው የተነሳ ገና ትኩስ ነበረች። ወታደሮቹ ያያሉ። አንድ ሹፌር ጉርሻ ሲሰጡት የሚለውን ማለት ነበረበት፣ አለውም።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ከዚያ ልጁን ወሰዱት። ካሚዮኑ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ እጁን ይዘው ጎተቱት፤ ከተቀመጠ በኋላ ወደዚህ አልዞረም። አሥር አለቃው ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ገብረዋሕድን ሒሳብህን አግኝተሃል ሂድ አለውና ፊቱን መለሰ። ገብረዋሕድ ገባ፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ እንደጋለች ናት፤ ሞተሪኖው ነክሷል። ግራ እጁ በመስኮት ወጣችና በሩን ሁለቴ መታች። ማንም አልወረደም። መጨረሻ ላይ ወታደሮቹ ራሳቸው ገፍተው አስነሱለት።

ቤት ሲገባ ትርሓስ በሩ ላይ ነበረች። ክንዱ ላይ ያለውን ኮት አይታ ተረዳች። እጇ ላይ የነበረውን ሣህን አስቀመጠችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሲቆይ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮቱን ለምን አልሰጠኸውም፣ እዚያ ሌሊት ይበርዳል አለችው። ብርድ የሚባል ነገር ያን ጊዜ ትዝ አላለውም ነበር፤ ልጁ ኮቱን ሲያጥፍ ሲያይ እንኳ አልመጣለትም።

ከዚያ በኋላ ስለ ፍስሃ የተሰማ ወሬ የለም። ማሠልጠኛ አየሁት ያለ አልተገኘም፣ ግንባር አየሁት ያለም አልተገኘም። በዓመቱ መንግሥት ወድቆ የተበተነው ጦር እግሩ ቆሳስሎ በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ ሲገባ፣ ትርሓስ ውኃ በጄሪካን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ስንቱን ወታደር አጠጣች። የሁሉንም ፊት እያየች ነው የምታጠጣው። የእሷ ልጅ አልመጣም።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የሆነ ነው። ገብረዋሕድን የጨረሰው በቀጣዩ እሑድ የሆነው ነገር ነው።

ያን ጠዋት ሰይቼንቶዋን ታክሲ ተራው ላይ አቆማት፣ ቁልፉን አወጣ፣ በሹፌሮቹ ሁሉ መሐል አልፎ ወደ ነጩ አውቶብስ ሄደ። ወሬው ቆመ። ደረጃውን ሲረግጥ ሁሉም አዩት። ተራው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ነው ተራ ሳይዝ ወሎ ሰፈር ውስጥ ብቻውን መሥራት የጀመረው። መኩሪያ መሪው ላይ ሆኖ አየውና አልደነገጠም። ሦስተኛውን ወንበር በመስኮቱ በኩል በእጁ አሳየው። ባዶ ነበረ።

ገብረዋሕድ ተቀመጠ። ከፊቱ ኮፍያ ያደረጉ ሁለት ፈረንጆች አሉ፤ ከጎኑ አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ የመዋኛ ጎማ አቅፋ ተቀምጣለች። አውቶብሱ ጎተራን አልፎ ወደ ቃሊቲ ሲወርድ ገብረዋሕድ ይጸልይ ጀመር። መድኃኔዓለም፣ ዛሬ ይህን አውቶብስ አስቁምልኝ ይላል። ወታደሮቹ ይግቡ፣ ወንበር በወንበር ይፈትሹ፣ እኔንም ያውርዱኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ያስቁሙት። ቢያስቆሙት ልጁ እዚህም ተቀምጦ ቢሆን ይያዝ ነበር ማለት ነው፤ ያ ከሆነ እሱ ቤቱ ገብቶ እንደሰው ያለቅሳል። በሕይወቱ እንደዚያ አጥብቆ ጸልዮ አያውቅም።

ኬላው ታየ። ያው አሥር አለቃ፣ ያው ሹራብ፣ ያው ካሚዮን ባሕር ዛፉ ሥር። የመኪና ሰልፉ ረጅም ነው፤ መኩሪያ ግን ሰልፉን ትቶ በጎን አለፈ። አሥር አለቃው ነጩን አውቶብስ ከሩቅ አየና ገመዱን ለያዘው ወታደር ምልክት ሰጠው። ገመዱ ወረደ። መኩሪያ ፍሬን እንኳ አልነካም።

ሐይቁ ጋ ደርሰው ሰው ሁሉ እስኪወርድ ገብረዋሕድ ከወንበሩ አልተነሳም። በመጨረሻ ተነስቶ ወደ ፊት መጣና መኩሪያ አጠገብ ቆመ። ኪሱ ገብቶ ያቺን ሃምሳ ብር አወጣ። ሳምንቱን ሙሉ የትም ሊያደርጋት አልቻለም ነበር።

«ስንት ነው ሒሳቡ?» አለው።

መኩሪያ ብሯን አየ፣ የገብረዋሕድን እጅ አየ። እሱ ራሱ ማልቀስ ጀምሮ ነበር።

«ነፃ ነው፣ ገብሬ» አለው። «ድሮም ነፃ ነው።»